የአሸዋ ውስጥ ውሃን በሒሳብ የመረመረ መሐንዲስ ፤ የሄንሪ ዳርሲ የሕይወት ታሪክ

እኛ በቆቦና በራያ ቆላ የምንኖር ሰዎች ውሃን በሁለት መልኩ እናውቀዋለን። በክረምት በምዕራብ በኩል ባለው ደጋ ላይ ዝናም ሲጥል ሆርማትና ጎሊና ድንጋይና ግንድ እያንከባለሉ ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ለማግባት ሌሊትም ቢሆን ከቤቱ ይወጣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ግን ያ ሁሉ ውሃ የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ የብዙው ወንዝ መሄጃ አሸዋና ጠጠር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ውሃ ከፊሉ የዞብልን ተራራ አልፎ ወደ አፋር ቆላ ወርዷል፤ ከፊሉ በፀሐይ ተንኗል፤ ከፊሉ ግን ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። ከእግራችን በታች በአሸዋና በጠጠር ቅንጣቶች መካከል እየተሹለከለከ ቀስ ብሎ ይጓዛል።

ይህ የተሰወረ ውሃ ሥርዓት አለውን? በቀን ምን ያህል ይጓዛል? ከአንድ ጉድጓድ ስንት ሜትር ኩብ ቢቀዳ ለከርሞ ይተርፋል? እነዚህ ጥያቄዎች በራያ ምድር የመኖርና ያለመኖር ጥያቄዎች ናቸው። በ1977 ዓመተ ምሕረት የደረሰውን ክፉ ቀን አባቶቻችንና እናቶቻችን አይተውታልና ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ለጥያቄዎቹ የመጀመሪያውን እርግጠኛ መልስ የሰጠው ሰው ከአገራችን እጅግ ርቆ በፈረንሳይ አገር የተወለደ ሄንሪ ዳርሲ የተባለ መሐንዲስ ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት የእርሱን ታሪክ ለአንባቢያን ለማቅረብ መርጠናል። በታሪኩ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሄንሪ ፊሊቤር ጋስፓር ዳርሲ ሰኔ 10 ቀን 1803 በዲዦን ከተማ ተወለደ። ዲዦን በምሥራቅ ፈረንሳይ የምትገኝ፥ በወይን አትክልቷ የታወቀች ጥንታዊ ከተማ ናት። አባቱ የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ ነበር፤ ሄንሪ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ በ1817 ሞተ። እናቱም ሁለት ወንዶች ልጆች ይዛ ቀረች። ይህች ሴት ሀብት አልነበራትም፤ ነገር ግን ልጆቿ ከትምህርት እንዳይቀሩ ቆርጣ ተነሣች፤ ለሄንሪም ከከተማው አስተዳደር የመማሪያ ርዳታ እንዲሰጠው ለማስደረግ በቃች። ዲዦን ለአንድ አባት ለሌለው ልጅ የሰጠችውን ይህን ገንዘብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከተማይቱ ብድሯን በምን ዓይነት እንደ ተቀበለች ኋላ እንመለከታለንና።

ሄንሪ ዳርሲ በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ በ1821 በፓሪስ ወደሚገኘው ወደ ታላቁ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። በዚያ ዘመን ይህ ትምህርት ቤት በዓለም ላይ ከነበሩት የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ላቅ ያለ ነበረ። በኋላም በ1823 ወደ ድልድይና መንገድ መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ተዛወረ። በዚያም መሐንዲስ ማለት ሕንፃ የሚሠራ ብቻ ሳይሆን አንድን ነገር ከመሥራቱ በፊት ምን ያህል እንደሚሸከም፥ ምን ያህል እንደሚፈስና ምን ያህል እንደሚያስወጣ በቁጥር አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ተማረ። ትምህርቱን ፈጽሞ ጥቂት ጊዜ በሌላ አውራጃ ካገለገለ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ዲዦን ተመደበ። በ1828 ሄንሪየት ኬሪ የተባለች የእንግሊዝ ተወላጅ አገባ፤ ልጅ ግን አልወለዱም።

በዚያን ጊዜ የዲዦን ሕዝብ በውሃ በኩል የነበረበት ችግር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰዉ የሚጠጣው ጥልቀት ከሌላቸው ጉድጓዶች ነበር። የጉድጓዶቹም ውሃ ከመጸዳጃና ከቆሻሻ ጋር የሚቀላቀል በመሆኑ ሽታ ነበረው፤ በሽታም ያመጣ ነበር። የከተማው ሰዎች ይህን መከራ ለማስወገድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲመክሩ ኖረው በአንድ አደባባይ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ውሃም ተገኘ፤ ነገር ግን ዳርሲ መጠኑን ለክቶ ለከተማው የማይበቃ መሆኑን አስታወቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ውሃ ተገኘ ብሎ እልል ባለ ነበር። ዳርሲ ግን ውሃ መገኘቱ አንድ ነገር፥ ውሃ መብቃቱ ሌላ ነገር መሆኑን ያውቅ ነበርና ደስታውን ለቁጥር አስገዛው።

በ1834 ዳርሲ የራሱን ሐሳብ ለከተማው ምክር ቤት አቀረበ። ሮዝዋር ከሚባል ምንጭ ውሃው በተሸፈነ ቦይ 12 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያህል መንገድ ተጉዞ ወደ ዲዦን እንዲገባ አሰበ። በመንገዱ ሁሉ የሚያስፈልገው ፓምፕ ወይም የእንፋሎት ሞተር አልነበረም፤ ምንጩ ከከተማው ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። የመሐንዲሱ ሥራ ያንን ቁልቁለት በልክ ማከፋፈል ነበረ። ቁልቁለቱ ከበዛ ውሃው ቦዩን ይቦረቡረዋል፤ ካነሰ ውሃው ደለሉን እያስቀመጠ ቦዩን ይደፍነዋል። ጎርፍ ለመጥለፍ ቦይ የሚያወጣ የራያ ገበሬ ሁሉ ይህን ነገር በልምድ ያውቀዋል፤ ዳርሲም በሒሳብ ሠራው።

ሥራው ተጀምሮ ጥቂት ዓመት ሳይሞላ መስከረም 6 ቀን 1840 የሮዝዋር ውሃ በዲዦን በር አጠገብ ወደ ተሠራው ማጠራቀሚያ ገባ። ከዚያም በ1844 በከተማው ውስጥ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ተዘርግቶ ተፈጸመ። የሕዝብ ቧንቧዎች በየ100 ሜትሩ ርቀት ስለ ተተከሉ ማንም ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ ሳይሄድ ንጹሕ ውሃ ያለ ዋጋ ይቀዳ ጀመር። ዳርሲ በሕጉ መሠረት ለዚህ ሥራ ይገባው የነበረው ክፍያ 55,000 ፍራንክ ያህል ነበረ፤ ይህም በዚያ ዘመን አንድን ሰው ባለጠጋ የሚያደርግ ገንዘብ ነው። እርሱ ግን አልቀበልም አለ። ከከተማው የተቀበለው የወርቅ ሜዳልያና በሕይወቱ እስካለ ድረስ ለቤቱ ያለ ዋጋ ውሃ እንዲሰጠው የተወሰነለትን ብቻ ነው። እንግዲህ አባት ለሌለው ልጅ የተሰጠው የመማሪያ ርዳታ በምን ዓይነት እንደ ተመለሰ እዚህ ላይ ይታያል።

ዳርሲ በውሃ ሥራ ብቻ አልተወሰነም። ከፓሪስ ወደ ሊዮን የሚሄደው የባቡር ሐዲድ በዲዦን በኩል እንዲያልፍ ደክሟል፤ ለዚህም ብሌዚ በሚባለው ቦታ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ መቦርቦር አስፈላጊ ሆኖ ስለ ተገኘ በአሳቡ ብዙዎች ፈርተው ነበር። ነገር ግን ዋሻው ተሠራ፤ ባቡሩም አለፈበት።

ሆኖም መልካም ሥራ ሁልጊዜ ከክፉ ቀን አያድንም። በ1848 በፈረንሳይ አብዮት ተነሥቶ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ዳርሲ በፖለቲካ ምክንያት ከዲዦን ተነሥቶ ወደ ሌላ አውራጃ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ችሎታው ስለ ተፈለገ ወደ ፓሪስ ተጠርቶ በከተማው የውሃና የመንገድ ንጣፍ ሥራ ላይ አለቃ ሆኖ ተሾመ። በዚያም ብዙ ዓይነት ቧንቧዎችን አሰልፎ መረመረ፤ ከብረት የተሠሩ፥ ከእርሳስ የተሠሩ፥ ከመስታወትም የተሠሩ ነበሩ። ውሃ በቧንቧ ውስጥ ሲሮጥ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ኃይሉን ያጣል። የቀድሞ መሐንዲሶች ቧንቧው ለስላሳም ሆነ ሻካራ፥ አዲስም ሆነ አሮጌ ልዩነት የለውም ብለው በአንድ ቀመር ያሰሉት ነበር። ዳርሲ ይህ ትክክል እንዳልሆነ በመለካት አረጋገጠ። ዛሬም ቧንቧ የሚዘረጋ መሐንዲስ ሁሉ የሚጠቀምበት አንዱ ዋነኛ ቀመር በእርሱና ዩልዩስ ቫይስባኽ በተባለ የጀርመን ሊቅ ስም ይጠራል።

ከዚህ በኋላ የዳርሲ ጤና እየታወከ ሄደ። በ1855 ከከባድ ሥራው ዕረፍት ጠይቆ ወደ ዲዦን ተመለሰ። የታመመ ሰው ዕረፍት ሲያገኝ ይተኛል፤ ዳርሲ ግን ስሙን ለዘለዓለም ያስጠራውን ሥራ የሠራው በዚህ የዕረፍት ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት በአሸዋ ውስጥ እየተጣራ እንዲያልፍ ይደረጋል። ነገር ግን ለአንድ ከተማ የሚበቃ ውሃ ለማጣራት የአሸዋው ሜዳ ምን ያህል ስፋትና ምን ያህል ውፍረት እንዲኖረው እንደሚገባ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ዳርሲ በዲዦን ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት በርሜል አቆመ፤ በውስጡም አሸዋ ሞላ፤ ሻርል ሪተር የተባለ መሐንዲስም ረዳው። ውሃውን ከላይ አግብተው ከታች እያስወጡ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወርድ ለኩ። በአሸዋው ላይና ታች ያለውን የውሃ ግፊት ደግሞ በሜርኩሪ መለኪያ አነበቡ። አሸዋውን ለወጡ፤ ውፍረቱን ጨመሩ፥ ቀነሱ፤ ግፊቱን ከፍ ዝቅ አደረጉ። የለኩትንም ሁሉ በሠንጠረዥ ጻፉ። ይህ ሥራ በ1855 መጨረሻና በ1856 መጀመሪያ ላይ ተከናወነ።

ከሠንጠረዡ የወጣው ሕግ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ እኛም በምንማረው ሒሳብ ልናስረዳው እንችላለን። በአሸዋው ላይና ታች ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት በእጥፍ ቢያድግ በደቂቃ የሚያልፈው ውሃ በእጥፍ ያድጋል። የበርሜሉ አፍ ስፋት በእጥፍ ቢጨምር ውሃውም በእጥፍ ይጨምራል። የአሸዋው ውፍረት በእጥፍ ቢጨምር ግን ውሃው በግማሽ ይቀንሳል። የፊተኞቹን ሁለቱን ርቱዕ ወደር፥ የኋለኛውን ደግሞ ኢ-ርቱዕ ወደር ብለን በክፍል ውስጥ ተምረናል። ሁሉንም ባንድነት ስንጽፈው፤

በቀን የሚያልፈው ውሃ = የአሸዋው የማሳለፍ ችሎታ × የመተላለፊያው ስፋት × (የከፍታ ልዩነት ÷ የመንገዱ ርዝመት)

ይሆናል። በቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር በጂኦሜትሪ ትምህርት ተዳፋት የምንለው ነው፤ ምን ያህል ሜትር ተጉዘን ምን ያህል ሜትር ወረድን የሚለውን ይነግረናል። የማሳለፍ ችሎታ የተባለው ደግሞ የአሸዋው የራሱ ጠባይ ነው። ደቃቅ አሸዋ ትንሽ ነው፤ ሻካራ አሸዋና ጠጠር ብዙ ነው፤ ጭቃ ግን ከምንም የማይቈጠር ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በቧንቧ ውስጥ በፍጥነት የሚሮጥ ውሃ በእጥፍ እንዲፈስ ብንፈልግ አራት እጥፍ ያህል ግፊት ያስፈልገናል። በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚሄደው ውሃ ግን ሁለት እጥፍ ብቻ ይበቃል። የፊተኛው የካሬ ሕግ ሲሆን የኋለኛው የቀጥታ መስመር ሕግ ነው። ያው አንድ ሰው ሁለቱንም መለካቱ፥ ልዩነታቸውንም መለየቱ፥ ከመለካቱ በፊት ሕጉን ከልቡ አለማመንጨቱን ያሳያል።

ዳርሲ ይህን ሕግ በ1856 ስለ ዲዦን ከተማ የሕዝብ ምንጮች ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ አወጣው። የሚገርመው ግን ሕጉ የተጻፈው በመጽሐፉ ዋና ክፍል ሳይሆን በመጨረሻ ላይ በተጨመረ ተቀጥላ ውስጥ ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ያንጊዜ ትልቅ አድርጎ የሚያየው ለከተማው ያስገባውን ውሃ ነበር፤ ዓለም ግን ዛሬ ስሙን የሚያነሣው በእነዚያ ጥቂት ገጾች ነው።

ይህ የቀጥታ መስመር ሕግ በውሃ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከዳርሲ በፊት በ1822 ዦዜፍ ፉሪዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ስለ ሙቀት በጻፈው መጽሐፍ ሙቀት በአንድ ብረት ውስጥ የሚያልፈው እንደ ሁለቱ ጫፎች የሙቀት ልዩነትና እንደ ብረቱ ስፋት ሆኖ ርዝመቱ ሲበዛ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። በ1827 ደግሞ ጌኦርግ ኦም የተባለው ጀርመናዊ በሽቦ ውስጥ ለሚያልፈው ኤሌክትሪክ ተመሳሳይ ሕግ አገኘ። ስለዚህ ምጣድ ሲግል፥ አምፑል ሲበራ፥ ውሃ በአሸዋ ውስጥ ሲሰርግ የሚሠራው ሒሳብ መልኩ አንድ ነው። በአንዱ ቦታ የሙቀት ልዩነት፥ በሌላው የቮልቴጅ ልዩነት፥ በሦስተኛው የከፍታ ልዩነት ይባላል፤ ወደሩ ግን ያው ነው። ሒሳብ ለፊዚክስና ለምሕንድስና የሚሰጠው ታላቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ አንዱን ሕግ በደንብ የተማረ ተማሪ ሳያውቀው ሦስቱን ተምሯል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ራያ ሜዳ እንመለስ። የቆቦ ሜዳ በምዕራብ ካለው ገደልና በምሥራቅ ካለው ከዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ አፈርና ድንጋይ እያመጣ ሞልቶታል። ጎርፉ ከገደሉ እግር እንደ ወጣ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ትልልቁን ድንጋይና ጠጠር በዚያው ይጥላል፤ ወደ ሜዳው መካከል ሲገባ አሸዋውን፥ በመጨረሻም ደቃቁን ጭቃ ያስቀምጣል። ስለዚህ ከተራራው ሥር ያለው ምድር ውሃን ፈጥኖ ሲያሳልፍ፥ የሜዳው ጭቃማ ክፍል ግን ይይዘዋል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የልምምድ ጥያቄ እናቅርብ። ቁጥሮቹ ለመማሪያ የተመረጡ እንጂ በአንድ ቦታ የተለኩ አይደሉም። ውሃ የሚያሳልፈው የአሸዋ ንጣፍ 1,000 ሜትር ወርድና 30 ሜትር ውፍረት አለው እንበል፤ የመተላለፊያው ስፋት 30,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። የውሃው ተዳፋት በ100 ሜትር 1 ሜትር ይሁን። የሻካራ አሸዋ የማሳለፍ ችሎታ በቀን 20 ሜትር ነው ብንል፥ 20ን በ30,000 አባዝተን ለ100 ስናካፍል በቀን 6,000 ሜትር ኩብ ውሃ እናገኛለን። አሁን ደግሞ በዚያው ቦታ አሸዋው ተነሥቶ ጭቃ ቢተካ፥ የጭቃውም የማሳለፍ ችሎታ በቀን የሜትር አሥር ሺኛ ቢሆን፥ በቀን የሚያልፈው 30 ሊትር ብቻ ይሆናል፤ ይህም አንድ ጀሪካን ተኩል ነው። ተዳፋቱ አንድ፥ ስፋቱ አንድ ሆኖ ሳለ ከምድሩ ጠባይ የተነሣ አንዱ ብዙ ማሳ ያጠጣል፥ ሌላው አንድ ቤተሰብ እንኳ አያረካም። ጉድጓድ የት እንቆፍር የሚለው ጥያቄ በዕድል የማይመለስበት ምክንያት ይህ ነው።

ከዚሁ ምሳሌ ደግሞ የውሃውን ፍጥነት ማወቅ እንችላለን። 6,000 ሜትር ኩቡን ለ30,000 ካሬ ሜትር ስናካፍለው በቀን 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ነገር ግን ውሃው የሚሄደው በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ብቻ ነው፤ ክፍቱ ቦታ የጠቅላላው ሩብ ቢሆን እውነተኛው ጉዞ በቀን 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲያስ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 1,250 ቀን፥ ማለት ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ጎርፍ ከቁርስ እስከ ምሳ የሚሮጠውን መንገድ የምድር ውስጥ ውሃ በዓመታት ይፈጽመዋል። ዛሬ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ ምናልባት እኛ ገና ከመወለዳችን በፊት በደጋው ላይ የዘነበ ሊሆን ይችላል።

በቆቦ ጊራና ሸለቆ የልማት ፕሮግራም አማካይነት በዚህ ሜዳ ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃው በፓምፕ እየተሳበ በጠብታና በርጭት መስኖ ሽንኩርት፥ ቲማቲምና ሌላም አዝርዕት ለማልማት ተሠርቶበታል። ጎርፍን ብቻ ይጠባበቅ ለነበረ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የዳርሲ ሕግ ተስፋን ብቻ ሳይሆን ልክንም ይናገራል።

ፓምፕ ሲሠራ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ውሃ ዝቅ ይላል፤ ውሃው ዝቅ ሲል ተዳፋት ይፈጠራል፤ በተዳፋቱም ምክንያት ከሩቅ ያለው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይመጣል። ውሃው ወደ ጉድጓዱ በቀረበ መጠን የሚያልፍበት ክብ እየጠበበ ይሄዳል። ከጉድጓዱ 100 ሜትር ርቀት ላይ ካለው ክብ ይልቅ በ50 ሜትር ላይ ያለው በግማሽ ያንሳል፤ የሚያልፈው ውሃ ግን ያው ስለ ሆነ ተዳፋቱ በእጥፍ መጨመር አለበት። በዚህም ምክንያት የውሃው ገጽ በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ማንቆርቆሪያ ጉንድ ጎድጎዶ ይታያል። እንዲህ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጠውን ተዳፋት ለማስላት ካልኩለስ የተባለው የሒሳብ ክፍል ያስፈልጋል፤ መልሱም በሎጋሪዝም ይወጣል። ዳርሲ ከሞተ በኋላ ዡል ዱፒዊ የተባለ የሙያ ባልደረባው ይህን የጉድጓድ ሒሳብ በ1863 አሳተመ። በክፍል ውስጥ ሎጋሪዝም ለምን ይጠቅማል እያልን የምንጠይቅ ተማሪዎች መልሱን ከገዛ ሜዳችን ሥር ልናገኘው እንችላለን።

ሁለት ጉድጓዶች እጅግ ተቀራርበው ከተቆፈሩ ጉድጓዶቹ የፈጠሩት ጎድጓዳ ገጽ ይደራረባል፤ አንዱ የሌላውን ውሃ ያወርድበታል። ሁሉም በየፊናው ያለ ልክ ቢስብ ደግሞ የጠቅላላው ሜዳ ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ፓምፑ ብዙ ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ በመጨረሻም ጥልቅ መቆፈር የማይችለው ድኻ ገበሬ አስቀድሞ ይጠማል። ከላይ የገባው ውሃና ከታች የወጣው ውሃ ካልተመዛዘነ የማንም ብልኃት ሊያድን አይችልም። ሕጉ ለባለጠጋና ለድኻ አያዳላም፤ የሚያዳላው የሰው አጠቃቀም ነው።

ዳርሲ ይህን ሁሉ ፍሬ ለማየት አልታደለም። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት ወደ ፓሪስ እንደ ሄደ የሳንባ በሽታ ይዞት ጥር 3 ቀን 1858 በ54 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ዲዦን ተመልሶ በዚያ ተቀበረ። የከተማው ሰዎችም ለውሃ ያደረገላቸውን አልረሱም፤ የሮዝዋር ውሃ በገባበት ማጠራቀሚያ አጠገብ ያለውን አደባባይ በስሙ ጠሩት። ዛሬም ዲዦን የሚደርስ መንገደኛ በዳርሲ አደባባይ ያልፋል። ጀምሮት የነበረውን የቦይ ውሃ ምርመራም ረዳቱ ሄንሪ ባዛን ቀጥሎ ፈጸመው።

ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። በመጀመሪያ ዳርሲ ሕጉን ያገኘው ሰማይን በመመራመር ሳይሆን የአንድ ከተማ ሕዝብ ንጹሕ ውሃ እንዲጠጣ በመድከም ነው። ሁለተኛ፥ የተጠቀመበት ሒሳብ ከወደርና ከተዳፋት የሚበልጥ አልነበረም፤ የበለጠው ትዕግሥቱ ነበር። አሸዋ ሞልቶ፥ ለክቶ፥ ጽፎ፥ እንደ ገና ለካ። ሦስተኛ፥ አገር ለአንድ ድኻ ልጅ ትምህርት የምታወጣው ገንዘብ ከማናቸውም ዘር ይልቅ ብዙ እጥፍ ሊያፈራ እንደሚችል የዲዦን ከተማ ምስክር ናት። ይህን የሚያነቡ ወላጆቻችን ይህን ሦስተኛውን ነገር በተለይ እንዲያስቡልን እንለምናለን፤ ሴት ልጅ ውሃ ለመቅዳት ሩቅ መንገድ ስትመላለስ የምታጣው የትምህርት ሰዓት በዚህ ሒሳብ ውስጥ መግባት የሚገባው ነውና።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ የሚቀርብ ሥራ አለ። የአንድ ጉድጓድ ውሃ ከምድር ገጽ ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ለማወቅ ድንጋይ የታሰረበት ረዥም ገመድ፥ ሜትርና ደብተር ይበቃሉ። በየወሩ በአንድ ቀን እየለኩ ቁጥሩን መጻፍ፥ በዓመቱ መጨረሻም በግራፍ ወረቀት ላይ መሣል ይቻላል። የግራፉ መስመር ከክረምት በኋላ ወጥቶ ከበጋ በኋላ ወርዶ እንደ ገና ወደ ቀድሞው ቦታ የሚመለስ ከሆነ ሜዳው ያገኘውን ያህል እየሰጠ ነው፤ ከዓመት ወደ ዓመት እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ግን ከሚገባው በላይ እየተወሰደ ነው ማለት ነው። የሁለት ጉድጓዶችን ከፍታ አወዳድሮ በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚያውቅ ተማሪ ተዳፋቱን ያገኛል፤ ተዳፋቱን ያገኘም ውሃው ወደየት እንደሚሄድ ያውቃል።

ሄንሪ ዳርሲ የሠራው ከዚህ የራቀ አልነበረም። የእኛ ሜዳ ከእርሱ በርሜል እጅግ የሰፋ ነው፤ የሚለካውም ውሃ የሰውን፥ የከብቱንና የማሽላውን ሕይወት የያዘ ነው። እንግዲህ ገመዱንና ደብተሩን የሚያነሣ ትውልድ ከዚህ ትምህርት ቤት እንዲወጣ እንመኛለን።